ኦሬል የሠራቸው ቤቶች

"አባዬ፣ አሁን አብራው" አለች ሻንታል፣ ምድር ቤቱ ወለል ላይ ተንበርክካ ጉንጯን ከማሞቂያው ላሜራ ጋር አስጠግታ።

ከኋላዋ የቆመው አባቷ ኦሬል ማብሪያውን በመዳፉ ዳሰሰና ተጫነው። ጋዙ እፍ ብሎ ተያያዘ። ነበልባሎቹ በተርታ ቆሙ፤ ሰማያዊ፣ ቀጥ ያሉ፣ የተከረከመ ሣር የመሰሉ። ሻንታል ጠበቀች። ጥቂት ቆይቶ ትልቁ ማራገቢያ እየጓጎረ ሲነሳ፣ መሀል ላይ ያለው ነበልባል በጥፊ እንደተመታ ሰው ወደ ጎን ተጋደመ። ቢጫ ሆነ። ምላሱን ወደ ፊቷ ሰደደ።

ወደ ኋላ ሸሸች።

"አየሽው?" አለ ኦሬል በኩራት። "ሰማያዊ ሐር! አባትሽ የነካው እሳት እንዲህ ነው። እናትሽ በከንቱ ነው ሥራ ያስፈታችሽ።"

ሻንታል ዞር ብላ አየችው። እየቀለደ አልነበረም። ፊቱን ወደ እሳቱ አዙሮ ፈገግ ብሏል። ቢጫው ነበልባል ከሁለቱም ፊት ይወራጫል።

ማሞቂያውን አጠፋችው። እስኪበርድ ጠብቃ ባለ ዘንጉን ትንሽ መስታወት ወደ ውስጥ አስገባችና ባትሪዋን አበራችበት። እሳቱንና የቤቱን አየር የሚለየው ብረት፣ ከመታጠፊያው ላይ የጣት ርዝመት ያህል ተሰንጥቋል። ከዚያ ስንጥቅ የሚወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፤ ሰው ተኝቶ ሳለ ነው የሚገድለው።

"ስንጥቁ ይታይሃል?"

ኦሬል ጎንበስ አለ። አፍንጫው መስታወቱን ሊነካ ደረሰ። "የቱ? ይሄ? ኧረ እሱ ዝገት ነው። አሮጌ ዝገት።" ጣቱን ሰደደና ምንም ያልነካው ጤነኛ ብረት ላይ አሳረፈው፤ ከስንጥቁ አንድ ስንዝር ርቆ።

ሻንታል መስታወቱን ቀስ ብላ አወጣችው።

ኦሬል ዤርቬ ዕድሜው ያለቀው ካፑስካሲንግ ከተማ ውስጥ ማሞቂያ ሲተክልና ሲጠግን ነው። ከወንዙ ወዲህም ወዲያም ምድር ቤቱን ያልረገጠው ቤት ጥቂት ነው። ሻንታልን ገና በልጅነቷ ከጎኑ አሰልፎ ቧንቧ ሲያሸክማት "ሴት ልጅ ለዚህ ሥራ?" ያሉትን ሁሉ "ጠባብ ቦታ የምትገባልኝ እሷ ናት፤ እናንተማ ሆዳችሁ አያስገባችሁም" እያለ አፋቸውን ያስይዛቸው ነበር። ጡረታ ሲወጣ መኪናውን፣ ደንበኞቹንና የድርጅቱን ስም ለእሷ አስረከበ። የሥራ ፈቃዱን አላሳደሰም። ቢሆንም ቅጠል መርገፍ ሲጀምር የድሮ ወዳጆቹ ይደውሉለታል፤ መጥተው በመኪናቸው ይወስዱታል። ዋጋው አንድ የሥጋ ፓይ ወይም አንድ ጠርሙስ ውስኪ ነው። ሻንታል ይህን ታውቃለች። የማሞቂያ አየር ማጣሪያ ሲያልቅበት ከራሷ መኪና አውርዳ የምትሰጠውም እሷው ናት። ሥራ የለመደ ሰው ወንበር ላይ ከዋለ ቶሎ ይሞታል ብላ።

ዛሬ ጠዋት ግን እናቷ ዩጌት ደውላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "በረዶው ከመግባቱ በፊት ማሞቂያችንን ብታዪልኝ" አለቻት።

"አባዬ አልሠራውም እንዴ?"

"ሠርቶታል" አለች ዩጌት። "ለዚህ ነው።"

ሻንታል የጋዙን መዝጊያ አጠበቀች። ከቦርሳዋ ቀዩን ካርቶን አውጥታ በሽቦ አሰረችበት፤ ያ ካርቶን ከታሰረ ማሞቂያው ካልተለወጠ በቀር ማንም እንዲያበራው ሕግ አይፈቅድም።

"ምን እያሰርሽ ነው?" አለ ኦሬል የሽቦውን ድምፅ ሰምቶ።

"ታውቀዋለህ።"

"በገዛ ቤቴ? በእኔ ማሞቂያ ላይ?"

"ተሰንጥቋል አባዬ። ና፣ ወደ ላይ እንውጣ።"

ወጥ ቤት ውስጥ ዩጌት የአተር ሾርባ ታማስል ነበር። በመስኮቱ በኩል እርጥብ በረዶ እየጣለ ነው፤ መሬት ሲነካ ይሟሟል።

"ዘጋሽው አይደል?" አለች ዞር ሳትል።

"ዘጋሁት። እማዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የማያየው?"

ማማሰያው ቆመ። ኦሬል ደረጃውን ወጥቶ በሩ ላይ ደርሷል። "ማነው የማያየው? መነጽሬ ነው ያረጀው እንጂ—"

"አንተ ሰውዬ፣ በቃህ" አለች ዩጌት። "ሆኪ ስታይ አስተላላፊው ከጮኸ በኋላ ነው አንተ 'ገባ!' የምትለው። ቴሌቪዥኑን ሬዲዮ አድርገኸው ዓመት አለፈህ። ጉልበቴን ነው ብለህ መንዳት ያቆምከው ማንን ልታታልል ነው? ጉልበትህ እንደሆነ ከእኔ ይሻላል።" ወደ ልጇ ዞረች። "ስንት ጊዜ ልንገራት አልኩት። ተቆጣኝ፣ ዝም አልኩ። ዛሬ ሌሊት አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳስበው ግን፣ እሱን ከማስከፋትና ሳልነቃ ከመቅረት የቱ ይሻላል ብዬ ነው የደወልኩልሽ።"

ሻንታል ወንበር ስባ አባቷ ፊት ተቀመጠች።

"አባዬ፣ ዘንድሮ የማን የማን ቤት ገባህ?"

"ምን ሊያደርግልሽ? ቤት ለቤት እየዞርሽ ስሜን ልታጠፊ?"

"ልፈትሸው።"

"ማሞቂያ በዓይን ነው የሚሠራው ያለሽ ማነው? መብራት በሌለበት ስንቱን ሠርቻለሁ!" ሁለት እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው፤ ወፍራም፣ ጠባሳ በጠባሳ የሆኑ እጆች። "እነዚህ ያያሉ። እነዚህ ተሳስተው አያውቁም።"

"ቢጫ እሳት እያየህ ሰማያዊ ሐር አልከኝ።"

ኦሬል እጆቹን ከጠረጴዛው ላይ ሰበሰበ።

"የፍሎሬትን ጭስ ማውጫ ጠርገሃል" አለች ዩጌት ቀስ ብላ። "የልጅ ልጇ ያኒክ ከነሚስቱ ከነሕፃኗ ምድር ቤቷ ነው ያለው።"

ማማሰያውን አስቀመጠች። ከዚያ ኦሬል፣ ለራሱ የሚያወራ ይመስል፣ "ደውላልኝ ነበር" አለ።

"ማን?"

"ፍሎሬት። ትናንት። ያ የጋዝ ጠቋሚ እየጮኸ አላስቀምጥ አለን አለችኝ።"

ሻንታል ከወንበሯ ተነሳች። "ምን አልካት?"

"ማሞቂያ መጀመሪያ ሲበራ አቧራው ይቃጠላል፣ አሮጌ ጠቋሚ ደግሞ በትንሹም ይጮሃል… አውርጂው አልኳት።"

ሻንታል ቁልፏን እየፈለገች በሌላ እጇ ስልክ ደወለች። የፍሎሬት ስልክ ይጠራል፤ የሚያነሳው የለም። በሩን ከፍታ ስትወጣ አባቷ አንዱን የካፖርቱን እጅጌ ብቻ አጥልቆ ተከተላት። አልከለከለችውም። የምትከራከርበት ጊዜ አልነበራትም።

መንገዱ ረጅም አይደለም። ከተማው ግማሹ ለአጋዘን አደን ጫካ ገብቷልና መኪናም እምብዛም የለም። ሻንታል ፍጥነት ጨመረች። ድልድዩን ሲያልፉ ኦሬል ነው የጀመረው።

"መሀሉ ነው የጠፋኝ" አለ። "ዳር ዳሩን አያለሁ። አሁን አንቺን ሳይ ጆሮሽን አያለሁ፤ ፊትሽ የለም። ሐኪሙ አይመለስም ብሎኛል።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ነግሬሽ ምን ልሁን? ቤት ተቀምጬ የእናትሽን ክር ልጠቅልል? ሰው የሚፈልገኝ በዚህ ብቻ ነው፣ ሻንታል። ማሞቂያው ሲታመም 'ኦሬል ይምጣ' ይላሉ። ኦሬል ራሱ ሲታመም ማን ምን ይላል?"

የምትመልሰው ነገር ነበራት፤ የፍሎሬት ቤት ግን ደረሱ።

በሩን የከፈተችላቸው የያኒክ ሚስት ካሪን ናት። ፀጉሯ አልተበጠረም፤ የበሩን መቃን ይዛ ነው የቆመችው።

"ይቅርታ፣ ስልኩን ሰምቼዋለሁ፣ መነሳት አቅቶኝ ነው" አለች። "ሁላችንንም ጉንፋን ጥሎናል። ራሳችንን ይፈልጠናል። ያኒክ ደግሞ አደን ሄዷል። ሕፃኗ እንኳ ዛሬ ጡትም አልያዘችም፣ ዝም ብላ ትተኛለች—"

ከሻንታል ቀበቶ ላይ የተንጠለጠለችው ትንሽ የጋዝ መለኪያ ጮኸች። ገና ደጃፉ ላይ ናቸው።

"ሕፃኗ የት ናት?"

"ታች፣ አልጋዋ ላይ—"

"አንቺ ውጪ! አሁኑኑ፣ ካፖርትም አትፈልጊ። አባዬ፣ ያዛት!"

ሻንታል ትንፋሿን ይዛ ደረጃውን ወረደች። የምድር ቤቱ ክፍል ሞቅ ያለ፣ ንጹሕ፣ በሕፃን ልብስ የተሞላ ነበር። ሕፃኗ ኤሎዲ ጎኗ ላይ ተኝታለች፤ ጉንጮቿ ከሚገባው በላይ ቀልተዋል። ስታነሳት አንገቷ ዝል አለ። አላለቀሰችም። ሻንታል ሕፃኗን ደረቷ ላይ አጣብቃ ስትዞር ማሞቂያውን አየችው፤ ከእሱ ወደ ጭስ ማውጫው የሚሄደው ቧንቧ ከመጋጠሚያው ወጥቶ በአንድ በኩል አውራ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትቷል። ሦስቱም ብሎኖች ጠብቀዋል፤ ግን የያዙት አየር ነው። ቧንቧው ሳይገጥም ነው የታሰሩት። በእጅ ለነካው ጥብቅ ይመስላል።

ውጪ ኤሎዲን ለእናቷ አቀበለች። ቀዝቃዛው አየር ፊቷን ሲመታት ሕፃኗ አፏን ከፈተች፣ ዘጋች፤ ከዚያ ቀጭን የድመት ግልገል ድምፅ አሰማች። ካሪን እዚያው በረዶው ላይ ተንበርክካ ማልቀስ ጀመረች። ሻንታል እሳት አደጋ ደውላ እንደገና ገባች። ሰማንያ ዓመት የሞላቸውን ማዳም ፍሎሬትን ሳሎን ውስጥ፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው ሲያንቀላፉ አገኘቻቸው። ደግፋ ስታወጣቸው "ጫማዬን፣ ጫማዬን" ይሉ ነበር።

ኦሬል ከመኪናው ጎን ቆሟል። ማን ወጣ፣ ማን ቀረ ብሎ ጆሮውን አቁሟል።

አምቡላንሱና የእሳት አደጋ መኪናው ተከታትለው መጡ። ለሕፃኗ ትንሽ የኦክስጅን ጭምብል አጠለቁላት። የእሳት አደጋ አለቃው ሉክ የሻንታል የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው። ቤቱን አስከፍቶ፣ አየር አስገብቶ፣ ጋዙን ዘግቶ ወጣና የራስ ቁሩን አወለቀ።

"ይሄን ቧንቧ ማነው የነካው?" አለ። "ሰሞኑን የተጠረገ ነው።"

ማዳም ፍሎሬት አምቡላንሱ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ነበር። ቀና አሉ። "ማንም አልነካውም። እኔ ራሴ ነኝ በመጥረጊያ ያንኳኳሁት።"

"እርስዎ? ጣሪያው ድረስ ወጥተው?"

"ምን አለበት? ባሌ በሕይወት ሳለ አብሬው እወጣ ነበር።"

ሉክ ወደ ሻንታል አየ። የድርጅቷ ስም መኪናዋ ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ ቤት ውስጥ ያለው አዲሱ ማጣሪያ ከማን እንደተገዛም ለማወቅ ብዙ አያስቸግርም። ሻንታል ሁለቱ ሠራተኞቿ ፊቷ ላይ ድቅን አሉባት። የሥራ ፈቃዷም ትዝ አላት። ዝም ብትል አሮጊቷ ነገሩን ተሸክመውት ያልፋሉ፤ ማን ሰማንያ ዓመት የሞላቸውን ሴት ይከሳል? አፏን ከፈተች፤ ምን እንደሚወጣት ራሷም አላወቀችም።

"ፍሎሬት፣ ተይ" አለ ኦሬል።

ከመኪናው ተላቆ መጣና ሉክ አጠገብ ከቆመው ከሌላው የእሳት አደጋ ሠራተኛ ፊት ቀጥ ብሎ ቆመ። "ሉክ" አለው፣ "እኔ ነኝ የሠራሁት። ጠቋሚውንም አውርጂው ያልኳት እኔ ነኝ።"

ወጣቱ ሠራተኛ የሚገባበት ጠፋው። ሉክ ቀስ ብሎ ተራምዶ በቦታው ተተካ።

"ፈቃድ አለዎት፣ አቶ ዤርቬ?"

"የለኝም። ዓይንም የለኝም።"

"ማጣሪያውን የሰጠሁት እኔ ነኝ" አለች ሻንታል። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮክ አለ። "ያለ ፈቃድ እንደሚሠራ አውቃለሁ። ዓይኑን አላወቅኩም። ሌላውን ግን አውቃለሁ።"

ሉክ የራስ ቁሩን መልሶ አጠለቀ። "ይሄን ማሳወቅ ግዴታዬ ነው፣ ሻንታል።"

"አሳውቅ።"

ካሪን ከአምቡላንሱ ውስጥ ሁሉንም ሰምታለች። ልጇን እንደታቀፈች አንገቷን አወጣች። "አንተ ነህ?" አለች ኦሬልን፣ አንተ ብላ። "እኔ ልጄን እዚያ ነው ያስተኛኋት! ጠቋሚው እየጮኸ ነው ብለን ነግረንህ!"

"አውቃለሁ፣ ልጄ።"

"አታውቅም! ልጄም አትበለኝ!"

የአምቡላንሱ በር ተዘጋ። ኦሬል መኪናው ከሄደ በኋላም ባለበት ቆሞ ቀረ። በረዶው ትከሻው ላይ አልሟሟ ብሎ መጠራቀም ጀምሯል።

ሆስፒታሉ መተላለፊያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠበቁ። አንዲት ነርስ መጥታ ሕፃኗ ጡት መያዟን፣ ለዛሬ ብቻ እንደምታድር፣ ማዳም ፍሎሬትም ሾርባው ጨው የለውም ብለው እንደተጨቃጨቁ ነገረቻቸው። ሻንታል ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። "ካሪን ልታያችሁ አትፈልግም" አለች ነርሷ በጨዋነት፤ ኦሬልም ራሱን ነቅንቆ "ትክክል ናት" አለ።

መኪና ውስጥ ሲገቡ ገና ቀን ነው። ሻንታል ሞተሩን አስነሳች እንጂ ወዴት እንደምትነዳ አላወቀችም። ለእናቷ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ማድረስ አለባት። ጠበቃ ማማከር አለባት። አባቷን መቆጣት ትፈልጋለች፤ ማቀፍም ትፈልጋለች።

"ቶይቮ" አለ ኦሬል።

"እ?"

"ቶይቮ ቤት ሠርቻለሁ። ከእሱ ቀጥሎ ሬዣን። ከዚያ አሮጌው የቄሶች ቤት፤ እዚያ አሁን አስተማሪዋ ናት ያለችው። የወንድሜንም ቤት።" አንድ በአንድ ሲጠራቸው ከጥርሱ መሀል የሚነቅላቸው ይመስል ነበር። "ቶይቮ ብቻውን ነው የሚኖረው። ከእሱ እንጀምር።"

ሻንታል ቶይቮ ጋ ደውላ፣ ማሞቂያውን አጥፍቶ መስኮት እንዲከፍትና እንዲጠብቃት ነገረችው። ለሌሎቹም ደወለች። ለምን ሲሏት "መጥቼ እነግራችኋለሁ" እያለች መኪናዋን ወደ ወንዙ ማዶ አዞረች።

የቶይቮ ቤት ከመንገዱ ከፍ ብሎ ጥድ መሀል ነው ያለው። ወደ በረንዳው የሚያወጣው የእንጨት ደረጃ በእርጥብ በረዶ ተሸፍኖ ያብረቀርቃል። ሻንታል መለኪያዋንና ቦርሳዋን አንስታ የአባቷን በር ልትከፍትለት ስትዘጋጅ፣ ክንዷን ያዛት።

"አንቺ እዚህ ቆዪ።"

"ደረጃው ያንሸራትታል።"

"ያንሸራትት። አንቺ ከጎኔ ከቆምሽ እሱ የሚያወራው ከአንቺ ጋር ነው። አንቺም ለስለስ አድርገሽ ትነግሪዋለሽ፤ አውቅሻለሁ። እኔ ደግሞ ከኋላሽ ቆሜ ባርኔጣዬን አሻሻለሁ።" መዳፉን በበሩ ላይ እየዳበሰ መክፈቻውን አገኘው። "እኔ ልንገረው። ከነገርኩት በኋላ ትመጫለሽ።"

ወርዶ ሄደ። እግሩን በእያንዳንዱ እርምጃ መሬቱን እየጠየቀ ነው የሚያኖረው። ደረጃው ሥር ሲደርስ መደገፊያውን ለመያዝ እጁን ሰደደ፤ ሳተው። እንደገና ሰደደ፤ አሁንም ሳተው፤ ወደ ፊት ተንገዳገደ።

ሻንታል በሩን ከፍታ አንድ እግሯን አውጥታ ነበር። ቀዝቃዛው አየር ገባ። አባቷ ሳይዞር በዚያው ቆሞ ትንፋሹን ሰበሰበ፤ ከዚያ እጁን ዝቅ አድርጎ ከጎን በኩል ቀስ እያለ አመጣና መደገፊያውን ያዘ።

እግሯን መለሰች። በሩን ድምፅ እንዳያሰማ አድርጋ ዘጋችው፤ እጆቿንም መሪው ላይ አስቀምጣ፣ አባቷ ደረጃውን ሲወጣ ተመለከተች።